«እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ» ማለት ያድናልን?



የእህቴ ልጅ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ትማራለች። ባለፈው ረመዳን ከኢፍጣር በኋላ መጽሐፏን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና «አጎቴ፣ ይህን ምዕራፍ ልማረው ወይስ ልዝለለው?» ስትል ጠየቀችኝ። ምዕራፉ ስለ ብድር ሰነድና ስለ ወለድ አሰላል የሚናገር ነበር። በክፍላቸው ያሉ ሙስሊም ልጃገረዶች በጉዳዩ ተከራክረው አልተስማሙም። አንደኛዋ ወለድ ማስላትን መማር ራሱ አይፈቀድም ብላ በፈተና ላይ ጥያቄውን ባዶውን ትታ ወጥታለች።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እኔ በ1996 ዓ.ም. «አሥር ሲደመር ሁለት» ይባል በነበረው መርሐ ግብር አካውንቲንግ ለመማር ስገባ፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ በመስጊድ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስንከራከርበት የነበረው ይኸው ነው። ለእህቴ ልጅ የሰጠኋትን መልስ ለመጻፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጋዜጣውን ቦታ ባልተሻማሁ። ዳሩ ግን መጽሐፏን እያገላበጥኩ ሳለ፣ እኔና ጓደኞቼ በዚያን ጊዜ ጨርሶ ያልጠየቅነው ሌላ ጥያቄ ትዝ አለኝ። እኔ ያንን ባለመጠየቄ የተጎዳ ሰው አለ።

በመጀመሪያ ስለ ወለዱ። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሪባ የሚበላውን፣ የሚያበላውን፣ ውሉን የሚጽፈውንና የሚመሰክሩትን ሁለቱን ሰዎች መርገማቸውና ሁሉም እኩል ናቸው ማለታቸው ይታወቃል። ለእህቴ ልጅ ያልኳት ይህን ነው፦ መማርና መጻፍ አንድ አይደሉም። መርዙን የማያውቅ ሐኪም በሽተኛውን አያድንም፤ የወለድ አሰላልን የማያውቅም ሰው በውል ውስጥ ተደብቆ ሲመጣ አይለየውም። ተምረሽ ስትጨርሺ የት እንደምትቀጠሪ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱን ዑለማዎችን ጠይቂ አልኳት። ደግሞም ዛሬ በሩ እንደኛ ዘመን ጠባብ አይደለም። በእኛ ጊዜ ለአካውንቲንግ ምሩቅ ትልቁ ተስፋ ባንክ ነበር፤ ባንክ ማለት ደግሞ ወለድ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ከወለድ ነፃ የሆነ መስኮት እንዲከፍቱ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ የጀመሩት ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ለእነዚህ ዓይነት ተቋማት የሒሳብ አያያዝ ደረጃ የሚያወጣ ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ባህሬን ውስጥ ተመዝግቦ ይሠራል። ስለዚህ ልጅቱ የምትሄድበት መንገድ አላት።

ነገር ግን ሐዲሱን ልብ ብለን እንየው። ከሪባው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ያልነካው ጸሐፊ ከበላተኛው ጋር አብሮ የተቆጠረው ለምንድን ነው? «እኔ የታዘዝኩትን ጻፍኩ እንጂ አልበላሁም» የሚለው ምክንያቱ ለምን አልተሰማለትም? እኛ የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ከዚህ ሐዲስ የወሰድነው «ወለድ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። «ጸሐፊው» የሚለውን አልፈነው ሄድን።

የኮሌጅ ትምህርታችንን ሳስታውስ ዛሬም ደስ ይለኛል። መምህራችን በመጀመሪያው ቀን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ትልቅ ቲ ፊደል ሣሉና «ዴቢት ግራ ነው፣ ክሬዲት ቀኝ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም» አሉን። እኛ ሙስሊሞቹ ተማሪዎች ወዲያውኑ ቀልድ አወጣንለት። መዝገቡን በቀኝ እጁ ስለሚቀበልና በግራ እጁ ስለሚቀበል ሰው ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናልና፣ ፈተና የወደቀውን ጓደኛችንን «ዴቢት ተደረገ» እንለው ነበር። (ቀልዱን ለመምህሩ ለማስረዳት ሞክረን ነበር፤ እሳቸው ግን ፈገግ ብለው ዝም አሉ።) ከጆርናል ወደ ሌጀር፣ ከሌጀር ወደ ትሪያል ባላንስ እየተሻገርን፣ ሁለቱ ዓምዶች ተደምረው እኩል የመጡ ዕለት የነበረን ደስታ ይህ ነው አይባልም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የ90 ሳንቲም ልዩነት ፈልጎ ያገኘ ሰው ያውቀዋል።

መምህሩ ግን ደስታችንን የሚያበርድ አንድ ትምህርት ነበራቸው። «ትሪያል ባላንሱ ገጠመ ማለት መዝገቡ እውነት ነው ማለት አይደለም» ይሉ ነበር። አንድ ግብይት ጭራሽ ሳይመዘገብ ቢቀር ከግራም ከቀኝም እኩል ስለሚጎድል ሚዛኑ ይገጥማል። መጀመሪያውኑ የተሳሳተ አኃዝ በሁለቱም ወገን ቢጻፍም ይገጥማል። ወጪ የነበረው ንብረት ተብሎ ቢያዝም ይገጥማል። ሁለት ስሕተቶች ቢጣፉም ይገጥማል። ይህንን ለፈተና በቃላችን አጠናነው፤ አምስት ዓይነት ስሕተቶችን ዘርዝሩ ሲባል ዘረዘርን፤ ሙሉ ነጥብ አገኘን። ከፈተናው በኋላ ረሳነው።

አንዳንድ ወንድሞች ይህ ሙያ ከምዕራባውያን የመጣ ስለሆነ ከእኛ ጋር ምን አለው ይላሉ። በእርግጥ ስለ ሁለትዮሽ የመዝገብ አያያዝ በማተሚያ ቤት ታትሞ የወጣውን የመጀመሪያውን ሰፊ ማብራሪያ የጻፉት ሉካ ፓቾሊ የተባሉ ኢጣሊያዊ መነኩሴ ናቸው፤ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ውስጥ ታተመ። እሳቸውም ቢሆኑ ዘዴውን እኔ ፈጠርኩት አላሉም፤ የቬኒስ ነጋዴዎች የሚሠሩበትን ነው የጻፉት። ነጋዴዎቹ የሚደምሩባቸው ቁጥሮች ደግሞ የሕንድ ሊቃውንት አውጥተዋቸው በዐረቦች በኩል የመጡ ናቸው። ፊቦናቺ የተባለው የፒዛ ሰው በልጅነቱ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ባለችው በቢጃያ ከተማ፣ አባቱ ከነጋዴዎች ጋር ይሠራ በነበረበት ቦታ ተምሯቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1202 በጻፈው መጽሐፉ ለአውሮፓውያን አስተዋወቃቸው። እንግዲህ ዕውቀቱ በብዙ እጅ ያለፈ ነው፤ የእኔ ነው የአንተ ነው መባባሉ ብዙም አይጠቅምም።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ፓቾሊ በዚያ መጽሐፋቸው ውስጥ አንድን ክፉ ልማድ ለይተው አውግዘዋል፦ መዝገባቸውን በሁለት እየያዙ አንዱን ለገዢ፣ ሌላውን ለሻጭ የሚያሳዩ ነጋዴዎች ነበሩ። መነኩሴው ይህንን በሐሰት ከመማል ቆጠሩት፤ መዝገብም በሹም ፊት ቀርቦ እንዲረጋገጥ መከሩ። ሙያው በማተሚያ ቤት ከታተመበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለተኛው መዝገብ አብሮት ነበር ማለት ነው።

የእኛ ቅዱስ መጽሐፍስ? ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ሰላት ወይም ስለ ጾም የሚናገር አይደለም። ዕዳን ስለ መጻፍ ነው፤ አል-በቀራህ ቁጥር 282። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ለመጻፍም እንቢ እንዳይል ያዝዛል። የሚያጽፈው ባለዕዳው ይሁን፤ ካለበት ላይ ምንም እንዳያጎድል ጌታውን ይፍራ ይላል። ማጻፍ የማይችል ደካማ ከሆነ ጠባቂው በትክክል ያጽፍለት ይላል። ነገሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ ለመጻፍ እንዳንሰለች ያሳስባል። በመጨረሻም ጸሐፊውም ምስክሩም እንዳይጎዱ ይከለክላል። አላህ (ሱ.ወ.) ጸሐፊን ከምስክር ጎን ያቆመው በዚህ አንቀጽ ነው። እኔ ይህንን አንቀጽ ከኮሌጅ በፊት በመድረሳ በቃሌ ሐፍዤው ነበር። ይህንን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ቀጥሎ የማወራው ነገር ባለማወቅ የተሠራ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ትምህርቴን እንደጨረስኩ በ1998 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ በጅምላ በሚሸጥ አንድ ሱቅ በወር 400 ብር የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ባለሱቁን ሐጂ እያልኩ ልጥራቸው። ደግ ሰው ነበሩ ስል ለአሽሙር አይደለም። ገና ተማሪ ሳለሁ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ጣቃ እደረድርላቸው ነበርና፣ የሁለተኛውን ዓመት የትምህርት ክፍያዬን ከኪሳቸው የከፈሉልኝ እሳቸው ናቸው። ዘካቸውን በጊዜው ያወጣሉ፤ በረመዳን የሱቁ ደጃፍ ኢፍጣር የሚጠብቅ ድሀ አያጣም ነበር። ሱቁ የሁለት ሰዎች ሽርክና ነው። ሁለተኛው ሸሪክ እኩል ገንዘብ አዋጥተው፣ ሥራውን ለሐጂ ትተው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ትርፋቸውን የሚቀበሉ ሰው ነበሩ። በመካከላቸው የተጻፈ ውል አልነበረም። መተማመን ነበረ።

በገባሁበት ሳምንት ሐጂ ሁለት ነገር ሰጡኝ፦ አንድ ቀጭን የተማሪ ደብተርና አንድ ወፍራም ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ። «በደብተሯ የሆነውን ሁሉ ትጽፋለህ፤ ማታ ማታ እኔ ይዣት እሄዳለሁ። በትልቁ መዝገብ ደግሞ የምነግርህን ብቻ ትጽፋለህ» አሉኝ። «ለምን ሐጂ?» ብል፣ «ልጄ፣ ገቢዎች እውነቱን ብታሳያቸውም አያምኑህም፤ በእጥፍ ነው የሚገምቱብህ። ትንሽ ብትጽፍ በግምቱ እውነቱ ላይ ይደርሳሉ» አሉ። ስቀን አለፍነው።

ያን ትልቅ መዝገብ እንዴት አድርጌ እጽፈው እንደነበር ብታዩ! በቀይና በሰማያዊ ቀለም፣ በማስመሪያ፣ ያለ አንዲት ስርዝ ድልዝ። ያለ ደረሰኝ የወጣው ጣቃ አይገባበትም፤ ያለ ደረሰኝ የተገዛውም አይገባበትም። ሁለቱም ወገን እኩል ስለሚጎድል በየወሩ መጨረሻ ሚዛኑ ይገጥም ነበር። በኮሌጅ የተማርኩት ጥበብ ሁሉ ያረፈው በሐሰተኛው መዝገብ ላይ ነው። እውነቱ በተጨማደደች ደብተር ውስጥ፣ በእርሳስ ነበር የሚጻፈው።

በሰኔ 1999 ዓ.ም. ሁለተኛው ሸሪክ ሞቱ። አላህ ይዘንላቸው። ሚስትና ሦስት ልጆች፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች፣ ተዉ፤ ወላጆቻቸው ቀድመው አልፈዋል። የሐዘኑ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎችና ፈራኢድ የሚያውቁ አንድ ሸኽ በሟች ቤት ተሰበሰቡ። ሐጂም መዝገቡን አስይዘው ወሰዱኝ። ያስያዙኝ ትልቁን ነው።

የሟች የካፒታል ድርሻ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ ጭቅጭቅ አልነበረበትም። ዕቃው እየተሸጠ በሁለት ዓመት እንዲከፈል ተስማሙ። የቀረው የዚያ ዓመት ትርፍ ነው። መዝገቡን ገልጬ አነበብኩ፤ የተጣራ ትርፍ 38,400 ብር። አንደኛው ሽማግሌ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ተመለከቱኝና «ልጄ፣ የሱቁ መዝገብ ይህ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ መዝገቡ ይህ ነው» አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም እኮ! መዝገቡ ያ ነበር። ገቢዎች የሚያውቁት መዝገብ፣ ማኅተም ያረፈበት መዝገብ እሱ ነው። ሌላ መዝገብ አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። በዚያች ቅጽበት ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው። ሐጂ ከጎኔ ተቀምጠው ምንጣፉን እያዩ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሸኹ ወረቀትና እርሳስ አስመጡ። የሟች ግማሽ 19,200 ብር። ከዚያ ውስጥ የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ፣ 2,400 ብር። ቀሪው 16,800 ለልጆች፤ ለወንዱ 8,400፣ ለሴቶቹ ለእያንዳንዳቸው 4,200። አንድ ሳንቲም አላዛነፉም። የአላህ ሕግ እንደ ተደነገገው ተፈጸመ፤ የተፈጸመው ግን እኔ ባጎደልኩት ገንዘብ ላይ ነው። በደብተሯ መሠረት የዚያ ዓመት ትርፍ 146,000 ብር ነበር። የሟች ግማሽ 73,000፤ የሚስቲቱ ድርሻ 9,125። ከአባታቸው ሐቅ 53,800 ብር ጎድሎ፣ ሁሉም «አልሐምዱ ሊላህ፣ በሸሪዓው መሠረት ተከፈለ» ብለው ፋቲሓ አድርገው ተነሡ። ሴትየዋ በበሩ በኩል ትንሿን ልጅ አቅፈው ቆመው ሸኹን መረቁ።

እዚህ ላይ ስለ ግብሩ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ አንባቢው «ታዲያ ነጋዴው ምን ያድርግ?» ሳይል አይቀርምና። ግብር ሰብሳቢው ትክክለኛውን መዝገብ አላምንም ብሎ በግምት ሲያስከፍል፣ እውነተኛው ነጋዴ ከሐሰተኛው ይልቅ ይቀጣል የሚለው ቅሬታ መሠረት የለውም አልልም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በ1995 ዓ.ም. የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጀመር በደረሰኝ የሚሸጥ ሰው ያለ ደረሰኝ ከሚሸጠው ጎረቤቱ ላይ አሥራ አምስት በመቶ ጨምሮ ይሸጥ ነበርና ደንበኛው ይሸሸው ነበር። ግብርን በሚመለከት ዑለማዎች የሚሉትን እነሱ ይበሉ፤ እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። እኔ የማውቀው መዝገቡን ነው። በደል ደረሰብኝ የሚል ሰው በአደባባይ ሊከራከር፣ ይግባኝ ሊል፣ እንቢ ሊል ይችላል። በመዝገብ ላይ የተጻፈ ሐሰት ግን ለማን ተብሎ እንደተጻፈ አድራሻ የለውም። ለገቢዎች ተብሎ የተጻፈው የየቲሞች ቤት ገባ። ለአንድ ሰው ብቻ የሚዋሽ መዝገብ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሐጂስ የየቲም ገንዘብ ለመብላት አስበው ነበርን? አይመስለኝም። ያን ዕለት ምሽት ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገሩም። በሽማግሌዎች ፊት ደብተሯን ቢያወጡ፣ ወሬው በማግሥቱ መርካቶን ይዞራል፤ ከዚያም ገቢዎች ደጃፍ ላይ ናቸው። የራሳቸው መዝገብ አሰራቸው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲጻፍ ቀላል የነበረው ነገር፣ እውነቱን መናገር ግድ በሆነበት ቀን አፍ የሚዘጋ ሆኖ ተገኘ። እኔንም እንደዚሁ። እኔ እንኳ እሳቸውን ያህል የምፈራው አልነበረኝም፤ የ400 ብር ደመወዝና የውለታ ሸክም ነው የነበረብኝ። ጸሐፊው አይጎዳ የሚለውን ትእዛዝ ያኔ ነው የተረዳሁት። የተራበ ጸሐፊን «ጻፍ» ማለት አንዱ የጉዳት ዓይነት ነው። ይህ ግን የሐጂን ዕዳ ያከብደዋል እንጂ የእኔን አያቀልልኝም።

መስከረም 2000 ዓ.ም. ትምህርት ሊከፈት ሲል ሴትየዋ ወደ ሱቁ መጡ። የእጃቸውን ወርቅ መሸጣቸውን ከሰው ሰምቻለሁ። የልጆቹን የዩኒፎርም ጨርቅ በዱቤ ጠየቁ። ሐጂ «ስጣቸው፣ ጻፍባቸው» ብለውኝ ወደ ጓዳ ገቡ። የዱቤውን መዝገብ አውጥቼ ስማቸውን ጻፍኩ፤ ከስማቸው ትይዩ 210 ብር። በሙያችን ቋንቋ ተሰብሳቢ ሒሳብ ይባላል፤ ሱቁ ከእሳቸው የሚቀበለው ማለት ነው። ሱቁ ለእሳቸውና ለልጆቻቸው 53,800 ብር ያለበትን መዝገብ ማንም አልጻፈውም። ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። ሴትየዋ «አላህ ይስጥህ ልጄ» ብለውኝ ጨርቁን አንሥተው ሄዱ።

ማታ ሱቁን ስንዘጋ «ሐጂ፣ የሴትየዋ ነገር…» አልኩ። አላስጨረሱኝም። «አንተ የተማርከው አካውንቲንግ ነው፤ ቃዲ ብለን አልሾምንህም» አሉኝ። እኔ ለሦስት ወራት ለራሴ ስነግረው የከረምኩትን ነው በሌላ ቃል የነገሩኝ።

በሳምንቱ ወደ ሸኹ ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ቁጥሮቹን ስነግራቸው ያን የእርሳስ ሒሳባቸውን ያስታወሱ ይመስል ጣታቸውን እየቆጠሩ አዳመጡ። ከዚያም «በዚያን ቀን አፍህን ማን ያዘው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ሸኹና ሽማግሌዎቹ ሐጂን ለብቻቸው አነጋገሯቸው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐጂ ለሴትየዋ 40,000 ብር ሰጡ፤ በሽማግሌዎቹ እጅ፣ «ለየቲሞቹ ሰደቃ» ተብሎ። የሐጂ ስም እንዳይጎድፍ፣ ገቢዎችም እንዳይሰሙ እንዲህ መሆኑ ይሻላል ተባለ። ሴትየዋ እጃቸውን ዘርግተው ለሐጂ ዱዓእ አደረጉ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ኅዳር ላይ ሥራውን ለቀቅኩ።

ብዙ ሰው ይህንን ስነግረው «አልሐምዱ ሊላህ፣ ገንዘቡ ተመልሷል፤ ታዲያ ምን ቀረ?» ይለኛል። የሒሳብ ሰው ግን እንዲህ ሊል አይችልም። ዕዳን መክፈልና ስጦታ መስጠት በአንድ መስመር አይጻፉም። ዕዳ ሲከፈል ካለብህ ላይ ይቀነሳል፤ ስጦታ ሲሰጥ ደግሞ ወጪ ነው፣ ዕዳውም እንዳለ ይቀመጣል። ያ ገንዘብ በተሳሳተ ስም ተመዘገበ። ሴትየዋ የራሳቸውን ሐቅ ተቀብለው የሰው ባለውለታ ሆኑ። ልጆቹ የሐጂን ደግነት እየሰሙ አደጉ። ቀሪው 13,800 ብር ደግሞ ሰደቃ ስለሆነ ማንም ሊጠይቀው አይችልም፤ ሰደቃ ቀሪ የለውምና። ሐጂ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል፤ አላህ ይማራቸው። የሟች ዕዳ ከውርስ በፊት የሚከፈል መሆኑን ልጆቻቸው ያውቃሉ፤ ዕዳው መኖሩን ግን አያውቁም። እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለተኛውን ሐሰት በእጄ አልጻፍኩትም፤ ዝም ብዬ አሳለፍኩት እንጂ።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ፣ የወለዱን ምዕራፍ ከመለስኩላት በኋላ፣ ይህንን ታሪክ ነገርኳት። ዛሬ የሚማሩት በፒችትሪ ነው፤ ለሲ.ኦ.ሲ. ፈተና የሚዘጋጁት በኮምፒዩተር ነው። ነጋዴው መዝገብ እንዲይዝ ያዝዝ የነበረው የ1952ቱ የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። የሒሳብ ሪፖርትን የሚቆጣጠር ቦርድም አለ። ይሁን እንጂ ለተግባር ልምምድ የሄደችበት ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት «ይህንን ፋይል ለብቻ አስቀምጪው» ተብላለች። በመስጊዶቻችን ስለ ሚዛን ማጉደል ኹጥባ እንሰማለን፤ የሹዐይብ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች ታሪክ ይነገረናል፤ እኛም የስኳርና የቡና ሚዛን ብቻ ይታየናል። አካውንቲንግ የሚማሩ ልጆቻችንም ስለ ወለድ ምዕራፍ ይጨነቃሉ፤ መጨነቃቸው መልካም ነው። «ይህንን ፋይል ለብቻ» ሲባሉ ግን የሚጠይቁት ሸኽ የለም፤ ጥያቄ መሆኑንም የነገራቸው የለም። እሷም ጥያቄ መሆኑን ያወቀችው እኔ ስነግራት ነው። በማግሥቱ ፋይሉ ምን እንደሆነ አለቃዋን በግልጽ ጠይቃለች፤ መልሱን እየጠበቀች ነው። ምናልባት የልምምድ ቦታዋን ታጣ ይሆናል። እናቷ፣ ማለትም እህቴ፣ «ልጄን ሥራ አስፈታሃት» ብላ ተቆጥታኛለች።

ልጅቱ ግን ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ የጠየቀችኝ ስለ ራሷ አልነበረም። «እና ሴትየዋ ሰደቃ እንዳልነበረ ነገርካቸው?» አለችኝ።

ሴትየዋ በሕይወት አሉ፤ ኮልፌ አካባቢ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በመንገድ ሲያገኙኝ አሁንም ይመርቁኛል። አልነገርኳቸውም ነበር።

ይህንን ጽሑፍ ለአዘጋጁ የሰጠሁት ከመጪው ሰኞ በፊት እንዳያወጣው አስጠንቅቄ ነው። እሑድ ከዐስር ሰላት በኋላ እኔና የእህቴ ልጅ ኮልፌ እንሄዳለን። ከዚያም ወደ ሐጂ ልጆች ዘንድ። ሒሳቡን በአንድ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከትርፉ የሟች ድርሻ 73,000፣ በሰኔ የተከፈለ 19,200፣ በኋላ የተከፈለ 40,000፣ ቀሪ 13,800 ብር። ሰደቃ የሚል ቃል የለበትም። ከታች ስሜንና ፊርማዬን አኑሬበታለሁ።